ርኅራኄ የጤና ባለሙያዎችን ያደክማልን?

የሕሙማንን ሥቃይ በየዕለቱ በሚመለከቱ ሐኪሞችና ነርሶች ላይ ቀስ በቀስ የሚደርሰው የስሜት መዛል "የርኅራኄ ድካም" በመባል ይታወቃል። በዚህ ሁኔታ ላይ የሚገኝ ባለሙያ ለታካሚው ግድ የሌለው መስሎ ስለሚታይ፣ እርዳታ የሚሻው መዛል በኃላፊዎች ዘንድ የሥነ ምግባር ጉድለት ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል።

ስያሜው ራሱ ግን አሳሳች ሳይሆን አይቀርም። ኦልጋ ክሊሜኪና ታንያ ዚንገር ከባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ የሌላውን ሥቃይ እንደ ራስ አድርጎ መጋራትን የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች አሉታዊ ስሜታቸው ጨምሯል። እነዚሁ ሰዎች ቀጥሎ ለተሠቃየው ሰው መልካም መመኘትን ሲለማመዱ ስሜታቸው አገግሟል። ይህም የሚያዝለው ሥቃዩን መጋራቱ እንጂ ርኅራኄው እንዳልሆነ ይጠቁማል።

ሥልጠናው ትንፋሽን በመከታተል ሐሳብን መሰብሰብን፣ የራስን ስሜት ሳይፈርዱ ማስተዋልንና ለታካሚም ለራስም ደኅንነትን መመኘትን ያካትታል። በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ 70 ሐኪሞች ለ8 ሳምንታት፣ ከዚያም ለ10 ወራት በየወሩ የወሰዱት የማስተዋል ሥልጠና መዛላቸውን እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2009 ተገልጿል፤ ጥናቱ የማነጻጸሪያ ቡድን ያልነበረው መሆኑ ግን ሊታወቅ ይገባል።

ሥልጠናው ለአንድ ነርስ የተመደቡትን ሕሙማን ቁጥር አይቀንስም። በዕረፍት ሰዓት የሚሰጥ ከሆነም ተጨማሪ ሸክም ስለሚሆን፣ የሚያቅደው ተቋም ከመደበኛው የሥራ ሰዓት ጊዜ ሊመድብለት ያስፈልጋል።