ክፉ ወሬን በጊዜ ስለ መናገር

የአገር ገዥዎችና የወረዳ ሹማምንት እንደሚያውቁት የአንበጣ ነገር የቀን ቍጥር ነገር ነው። የበረሃ አንበጣ በሞቃት አሸዋ ውስጥ የጣለው ዕንቍላል በ2 ሳምንት ያህል ይፈለፈላል፤ ከዚያም በኋላ ኩብኩባው ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ ከ1 ወር ብዙ በማይበልጥ ጊዜ በምድር ላይ እየዘለለ ይሄዳል። ለማጥፋት የሚመቸው በዚሁ ጊዜ ነው። ክንፍ ካወጣ ግን ነፋስ እየረዳው በ1 ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነውም መንጋ በ1 ቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል።

ኩብኩባውን አስቀድሞ የሚያየው እረኛው ወይም ገበሬው ነው፤ ወሬውንም የሚቀበል ታናሹ የእርሻ ሠራተኛ ነው። ይህ ሠራተኛ ለአለቃው እንዳይናገር፥ ነገሩ ሐሰት ቢሆን መሳቂያ መሆንን፥ እውነት ቢሆን ደግሞ «እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» ተብሎ መወቀስን ይፈራል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። ስለዚህ «ጥቂት ቀን ልይ» ብሎ ይቆያል፤ ያ ጥቂት ቀን ግን ክንፍ የሚበቅልበት ቀን ነው።

የዝምታ ዋጋ በወሎ ታይቷል። በ1964 ዓ.ም. ክረምት ዝናም በመጕደሉ አዝመራው እንደ ተበላሸ ባለሙያዎች ዐውቀው ነበር፤ ነገሩ ግን ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው የረሃቡን ፎቶግራፍ አምጥተው አሳዩ፤ የውጭ አገር ሰው ግን ነገሩን በሰፊው ያወቀው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። የሞተው ሰው ብዛት በጥቂቱ ሲገመት 40,000 ነው።

የበታቹን አፍ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ይልቁንም የአለቃው አቀባበል ነው። ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻም። በዱሮው ችሎት ፍርድ ሲሰጥ መናገር የሚጀምረው በማዕረግ ዝቅ ያለው ነበር፤ ትልቁ የሚናገረው በመጨረሻ ነው። ትልቁ አስቀድሞ ቃሉን ቢሰጥ ኖሮ ከበታቹ ያለው የተለየ አሳብ ለማውጣት ባልደፈረ ነበር። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ምክር ሲደረግም ታናሹ ሠራተኛ አስቀድሞ ያየውን እንዲናገር፥ ሹሙም እስከ መጨረሻው እንዲታገሥ የተገባ ነው።

ተመርምሮ ኩብኩባ ባይገኝ የጠፋው የአንድ ቀን ድካም ብቻ ነው። ወሬ ነጋሪው ግን በሰው ፊት ከተዘለፈ ሁለተኛ አይመጣም፤ ባልንጀሮቹም ሰምተው አፋቸውን ይይዛሉ። ሐሰት መሆኑን እያወቀ የሚናገር ሰው ጕዳይ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ሠራተኛውም በበኩሉ በዓይኑ ያየውን ከሰማው ለይቶ፥ ስፍራውንና ቀኑን፥ የሸፈነውንም መሬት ስፋት ጽፎ ያቅርብ። እንዲህ የተጻፈ ነገር ፈሪውንም ያደፋፍራል፤ የሚናገረው ወረቀቱ ነውና። መልስ ቢዘገይበት ቅጂውን ይዞ ራሱ ይሂድ፤ አለቃውም ይህን እንደ ትዕቢት አይቍጠርበት።