ከጥሬ ምስል እስከ ትልቅ ኅትመት፦ የፎቶግራፍ ማሳደግ ሥራ ቅደም ተከተልና ስያሜዎቹ

1. መግቢያ

አንድ የሙያ ቃል ብዙ ሥራዎችን በአንድነት ሲሸከም ችግሩ በመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ሥራው ዘልቆ ገንዘብና ጊዜ ያስባክናል፣ አልፎ ተርፎም ሐሰቱን እውነት ያስመስላል። በሰሜን ወሎ ዞን ርእሰ ከተማ በወልድያ፣ ወይም ከዚያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በመርሳ፣ ፎቶ ቤት ገብቶ «ይህን አሳድጉልኝ» የሚል ደንበኛ ጥያቄው ግልጽ ይመስለዋል። ነገር ግን ፍላጎቱ የሠርግ ፎቶግራፍ በትልቅ ሸራ ላይ እንዲታተምለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከሟች አባቱ የቀረችው ጉርድ ፎቶ ለሙት ዓመት መታሰቢያ ትልቅና ጥርት ያለች እንድትሆንለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ በጠባያቸው እጅግ የተራራቁ ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ አንድ ምስል ከካሜራ ወጥቶ፣ በልዩ ልዩ የማቀናበሪያ ፕሮግራሞች አልፎ ለኅትመት እስኪበቃ ድረስ ያለውን መንገድ እየተከተልን፣ ለየደረጃው ይስማማል ያልነውን ስያሜ እናቀርባለን።

2. ስለ «ጥሬ» እና «ብስል»

በአብዛኞቹ ካሜራዎች ብርሃን ተቀባዩ ገጽ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚመዘግበው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱን ብቻ ነው። ይህን የቀለም ማጣሪያ ንድፍ ያወጣው የኮዳክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የጎደሉትን ሁለት ቀለሞች ከአጎራባች ነጥቦች አስልቶ የሚሞላው በኋላ የሚሠራው ፕሮግራም ነው። ገና ያልተቀናበረው መዝገብ ለየነጥቡ በ12 ቢት 4,096፣ በ14 ቢት ደግሞ 16,384 የብርሃን እርከኖችን ለመለየት ያስችላል። በተለመደው የጄፔግ ፋይል ግን ለእያንዳንዱ ቀለም የሚኖሩት እርከኖች 256 ብቻ ናቸው።

ለዚህ ያልተቀናበረ መዝገብ «ጥሬ ምስል» የሚለውን ስያሜ መርጠናል። «ጥሬ» በአማርኛ እንግዳ ቃል አይደለም፤ «ጥሬ ዕቃ»፣ «ጥሬ ገንዘብ» እንላለን፤ በሰዋስውም «ጥሬ ዘር» የሚል ስያሜ አለን። «ያልበሰለ ምስል» ጉድለትን ብቻ ስለሚያመለክት፣ «እሸት» ደግሞ ለጊዜው ብቻ የሚሆን ነገርን ስለሚያሳስብ ትተናቸዋል። የሀብሩ ገበሬ ጥሬ ማሽላውን ንፍሮም፣ ቆሎም፣ ዱቄትም ሊያደርገው ይችላል፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን ወደ ጥሬነቱ አይመለስም። ጥሬ ምስልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጥሬውን ወደሚታይ ምስል የመለወጡን ሥራ «ማብሰል»፣ ውጤቱንም «ብስል ምስል» ብንለው ቃላቱ አንዱ ሌላውን ያስረዳሉ። «ማጠብ» የሚለው የፊልም ዘመን ቃል በዛሬው አነጋገር ፎቶግራፍን በወረቀት ማውጣትን ስለሚያመለክት በዚያው ይቆይ።

3. የሥራው ቅደም ተከተል

ሀ) መጠንን መወሰን። «ጥራት» የሚለው ቃል በሙያተኞች አነጋገር የነጥቦችን ቁጥር፣ የነጥቦችን መቀራረብና የምስሉን ማማር ሳይለይ ይጠራል። እኛ የመጀመሪያውን «የነጥብ ብዛት»፣ ሁለተኛውን «የነጥብ ጥግግት» በማለት «ጥራት»ን ለሦስተኛው ብቻ እንተዋለን። የልዩነቱ ጥቅም በቁጥር ይታያል። 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ምስል ወርዱ 6,000፣ ቁመቱ 4,000 ነጥብ ነው። በቅርብ ለሚታይ ኅትመት በተለመደው ጥግግት፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ፣ ወርዱ 20 ኢንች ወይም 51 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ከሩቅ ለሚታይ ሸራ በኢንች 100 ነጥብ ከበቃ ግን ያው ምስል 152 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል። እንግዲህ የሸራው ባለቤት ምንም ነጥብ ሳይጨመርለት ፍላጎቱ ሊሟላ ይችላል ማለት ነው። ነጥብ መጨመር የሚያስፈልገው በ300 ጥግግት አንድ ሜትር ወርድ ለሚሻው ነው።

ለ) ጉድፍ መልቀም። በአነስተኛ ብርሃን በተነሣ ምስል ላይ የሚታየውን ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ከባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል ገልብጦ «ጫጫታ» ማለት ለዓይን የሚታየውን ለጆሮ መስጠት ነው። «ጉድፍ» ብንለው ይሻላል፤ ቅደም ተከተሉንም ያስታውሳል። እህል ከመፈጨቱ በፊት እንደሚለቀም ሁሉ፣ ጉድፉ ሳይለቀም ምስሉ ቢያድግ ጉድፉም አብሮ ያድጋል።

ሐ) ማብሰልና ማሸጋገር። ብዙ ድካም የሚባክነው ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲታለፍ ነው። ላይትሩምን የመሰሉ ፕሮግራሞች ጥሬ ምስሉን አይነኩትም፤ የማስተካከያ ትእዛዞቹን ለብቻ ይመዘግባሉ። ጥሬው ፋይል ብቻውን ለሌላ ኩባንያ ፕሮግራም ቢሰጥ ትእዛዞቹ ስለማይነበቡ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። ስለሆነም ብርሃንና ቀለም በአንዱ ፕሮግራም ተስተካክለው፣ ምስሉ በ16 ቢት የቲፍ ፋይል ወደሚቀጥለው ይሸጋገር። በመካከል ጄፔግን መጠቀም በእያንዳንዱ እንደገና መመዝገብ መረጃ ያስቀንሳል። የቲፍ ዋጋ ስፋቱ ነው፤ ያልታመቀ የ24 ሚሊዮን ነጥብ ምስል 144 ሚሊዮን ባይት፣ ወርዱና ቁመቱ በእጥፍ ሲያድግ ደግሞ 576 ሚሊዮን ባይት ይይዛል። ስለዚህ ማሳደግ የሚገባው የተመረጠውን ምስል እንጂ የሠርጉን ምስል ሁሉ አይደለም።

መ) ማሳደግ፤ ከዚያም ጠርዝ ማድመቅ። የቅርጾችን ዳርቻ የማጉላቱን ሥራ «መሳል» ማለት ቢላዋ ከመሳል ጋር ቢስማማም፣ ሥዕል ከመሣል ጋር በድምፅ ስለሚገጥም ያደናግራል። «ጠርዝ ማድመቅ» ብለነዋል። የመጨረሻው ማድመቅ ምስሉ የኅትመት መጠኑን ከያዘ በኋላ ይፈጸም፤ አስቀድሞ የደመቀ ጠርዝ ሲያድግ በቅርጾቹ ዙሪያ ነጭ ክር የመሰለ ቅሪት ይተዋል።

4. የ«ማሳደግ» ሦስት ወገኖች

ቃሉ ከጨለማ ክፍል የወረስነው ነው። በዚያ ዘመን ብርሃን በኔጋቲቩ አልፎ በሰፊ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ምስሉ ይሰፋ ነበር እንጂ በኔጋቲቩ ላይ ያልነበረ ነገር አይጨመርበትም ነበር። ዛሬ ግን ሦስት ወገኖችን መለየት ግድ ነው።

የመጀመሪያው «አስፍቶ ማተም» ነው፤ የነጥብ ብዛቱ አይለወጥም። ሁለተኛው «በስሌት ማሳደግ» ነው፤ አዲሱ ነጥብ የጎረቤቶቹ አማካይ ስለሆነ ምስሉ ይለሰልሳል እንጂ አዲስ ነገር አያገኝም። ሦስተኛው «በግምት ማሳደግ» ነው፤ ፕሮግራሙ በሌሎች እጅግ ብዙ ምስሎች ከሠለጠነ በኋላ በዚህ ቦታ ምን ሊኖር እንደሚችል ገምቶ ይሞላል። የአዶቢ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 በካሜራ ሮው ያስገባው መሣሪያ ከዚህ ወገን ሲሆን፣ ወርዱንና ቁመቱን በእጥፍ፣ የነጥብ ብዛቱን በአራት እጥፍ ያሳድጋል። የቶፓዝ ጊጋፒክስልም በዚሁ ወገን ይመደባል።

መነሻው ነጥብ የበዛበት ጥሬ ምስል ከሆነ ግምቱ ጥቂት ስለሚሆን ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ያማረ ነው። መነሻው የተጎዳች ጉርድ ፎቶ ስትሆን ግን ፕሮግራሙ የሚሞላው የዓይን ሽፋሽፍትና የከንፈር መስመር የሟቹ ላይሆን ይችላል። ቤተሰቡ ከግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ምስል ጥርት ያለ፣ ነገር ግን የሌላ ሰው መልክ የተቀላቀለበት ይሆናል። ይህን የሚነግረው ቃል ከሌለ ደንበኛው መምረጥ አይችልም።

ጉዳዩ ለእኛ ለቋንቋ ሰዎችም ይደርሳል። ከመርሳ ወደ ደቡብ፣ በዚያው በደሴ መንገድ አጠገብ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የብራና መጻሕፍት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ከተነሡት መካከል ናቸው። በፊደላችን «ግቡ»ን ከ«ግቢ» የሚለየው የአንዲት አጭር ጭረት ቦታ ነው፤ ከመካከል ከሆነች ካዕብ፣ ከግርጌ ከሆነች ሣልስ። የደበዘዘች ጭረት በግምት ስታድግ ፕሮግራሙ ቦታዋን ሊመርጥላት ይችላል፤ ያን ጊዜ ምስሉ ጠርቶ ንባቡ ይሳሳታል። ስለሆነም ለንባብ ማስረጃነት የሚቀርብ ምስል በግምት ያደገ ከሆነ ይኸው ከሥሩ ይጻፍ፤ ጥሬውም ሳይነካ ይቀመጥ።

5. የቀረቡት ስያሜዎች

ጥሬ ምስል፦ ካሜራው የመዘገበው፣ ያልተቀናበረ።
ማብሰል፦ ጥሬውን ወደሚታይ ምስል መለወጥ።
ብስል ምስል፦ የማብሰል ውጤት።
የነጥብ ብዛት፦ በምስሉ ያሉት ነጥቦች ቁጥር።
የነጥብ ጥግግት፦ በኅትመት ላይ በአንድ ኢንች የሚያርፉ ነጥቦች ቁጥር።
ጉድፍ መልቀም፦ ዝብርቅርቅ ነጠብጣብን ማስወገድ።
ጠርዝ ማድመቅ፦ የቅርጾችን ዳርቻ ማጉላት።
አስፍቶ ማተም፦ ነጥብ ሳይጨምሩ በትልቁ ማተም።
በስሌት ማሳደግ፦ ከአጎራባች ነጥቦች አስልቶ ነጥብ መጨመር።
በግምት ማሳደግ፦ የሠለጠነ ፕሮግራም ገምቶ የሚሞላው።

ከእነዚህ ስያሜዎች አንዳንዶቹ በሥራ ላይ ሲውሉ ሊሻሻሉ ይችላሉ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ግን በሌላ ቃል ቢተኩ እንኳ ልዩነታቸው እንዲጠበቅ አደራ እንላለን። «ላሳድገው» የሚል ሙያተኛ ሁሉ «በምን?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰው ቃል ሊኖረው ይገባል።