ሳጥኑ ሳይከፈት ጆሮሽን አስጠጊ

ጠጋ በይ። ይሄን ጮክ ብዬ አላወራውም። እዚህ በከኒሳ ቀሴ ጫጩት የሚያሳድገው ጎረቤት ብዙ ነው፤ ነገ ጠዋት «ማን ነገራት?» መባሉ አይቀርም።

ነቀምቴ ገበያ ላይ የምታዪያትን ቄብ ታውቂያታለሽ። ሁለት ወር ገደማ የሆናት፣ ላባዋ የሚያብረቀርቅ፣ ዓይኗ ቀልጠፍ ያለ። ሻጩ ከፍ አድርጎ ያሳይሽና «የሳሶ ዝርያ ናት፣ ክትባቷን የጨረሰች» ይልሻል። አንቺ ላባዋን ታያለሽ። እኛ ከጀርባ ያለነው ግን ላባዋን አናይም። የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች እንዴት አደረች? የዶሮዋ ዕጣ እዚያ ነው የሚቆረጠው። ከዚያ በኋላ ያለው መኖና ትዕግሥት ነው።

ይሄን ሻጩ አይነግርሽም። እኔ ልንገርሽ።

መጀመሪያ መንገዱን እወቂ። እንደ ኢትዮ ቺክን ያሉት ትልልቅ አስፈልፋዮች የአንድ ቀን ጫጩት ለአሳዳጊ ይሸጣሉ፤ አሳዳጊው አንድ ወር ተኩል፣ ሁለት ወር ያቆይና ለየቤቱ ያከፋፍላል። በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» የተባለው የመንግሥት መርሃ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ሥራው በየቀበሌው ገብቷል። ጥሩ ነው። ግን ጫጩቷ ከማሽን ወጥታ ወለጋ እስክትደርስ መንገድ አለ። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ብቻ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ጊምቢ የምትቀጥለዋን አስቢያት።

ታዲያ ሳትበላ ሳትጠጣ እንዴት ትደርሳለች? ንግዱ ሁሉ የቆመው በዚህች ምስጢር ላይ ነው። ጫጩቷ ቅርፊቱን ሰብራ ከመውጣቷ በፊት የተረፈውን አስኳል በእምብርቷ በኩል ወደ ሆዷ ታስገባዋለች። ስንቋ ነው። እስከ 72 ሰዓት ያቆያታል። አስፈልፋዩም፣ ሾፌሩም፣ አሳዳጊውም ይሄንን ሰዓት ይቆጥራሉ።

አሁን ያልተነገረሽን ስሚ። ስንቁ ረሃብን ይከለክላል እንጂ ብርድን አይከለክልም። ጥማትንም በደንብ አይችለውም። ሰዓቱ የሚቆጠረውም ሳጥኑ ቤትሽ ከገባበት አይደለም፤ ከተፈለፈለችበት ነው። ማሽን ውስጥ ደግሞ ሁሉም እኩል አይወጡም። የመጀመሪያዋ ከመጨረሻዋ በብዙ ሰዓት ትቀድማለች፤ ማሽኑ ግን የሚከፈተው ለሁሉም አንዴ ነው። ስለዚህ «የአንድ ቀን» የተባለችው ሁሉ የአንድ ቀን አይደለችም። «መቼ ደረሱ?» አትበዪ፤ «መቼ ተፈለፈሉ?» በዪ። ይሄን ስትጠይቂ ሻጩ ቀና ብሎ ያይሻል። የውስጥ ሰው መስለሽዋላ።

ሳጥኑ ሳይከፈት ጆሮሽን አስጠጊ። አብዛኛው ሳጥን መቶ ጫጩት ይይዛል፤ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሆነው በአራት ክፍል። ዝቅ ያለና ረጋ ያለ ድምፅ ከሰማሽ ደህና ናቸው። ሹልና የማያቋርጥ ጩኸት ከሆነ በርዷቸዋል ወይም ጠምቷቸዋል። ዝምታ ግን ከሁሉም ይከፋል። ዝም ያለ ሳጥን ስሰማ ዛሬም ልቤ ይደነግጣል።

ከየክፍሉ አንድ አንድ አንሺና እግራቸውን አንገትሽ ላይ አሳርፊ። ሌላው ሰው መዳፉን ይጠቀማል፤ መዳፍ ግን ሥራ ያደነደነው ነው፣ አይነግርሽም። የአንገትሽ ቆዳ እውነቱን ይናገራል። የጫጩቷ እግር ከቀዘቀዘሽ እሷ በርዷታል። ለዚህ ማንም ቴርሞሜትር አያስፈልገውም።

ደካማዋን ወዲያው ታውቂያታለሽ። ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል፣ ክንፏ ወርዷል፣ ሌሎቹ ሲረግጧት ዝም ትላለች። እዚህ ላይ ነው ደግ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። «ራብ ነው» ይልና መኖ ያቀርብላታል፤ ባስ ሲል አፏን ከፍቶ ያጎርሳታል።

ተይ። ቅደም ተከተሉ ሦስት ነው፤ ሙቀት፣ ውሃ፣ መኖ። የማይገለበጥ።

ሙቀት የሚቀድመው ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሷን ሰውነት ማሞቅ ስለማትችል ነው። የበረዳት ጫጩት አንጀቷ አይሠራም፤ የሰጠሻት መኖ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ይመርዛታል። በመጀመሪያው ሳምንት እሷ የቆመችበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ እየቀነሰ ይሄዳል። እሷ የቆመችበት ነው ያልኩሽ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ስለ አንቺ እንጂ ስለ እሷ አይናገርም። ከሌለሽም ራሳቸው ይነግሩሻል። የሚያሞቃቸው አምፖል ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ከሄዱ በተቃራኒው በኩል ነፋስ ይገባል፤ ቀዳዳውን ፈልጊው። ተበታትነው የተኙ ከሆነ አንቺም ተኚ።

ከሞቀች በኋላ ውሃ። ለብ ያለ፣ በሊትሩ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር የገባበት፣ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ። ስኳሩ ከቆየ ያስቀምጣታል። የአፏን ጫፍ ብቻ ነከር አድርጊ፤ የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች እላዩ ላይ ናቸውና እዚያ አይድረስ። በመርፌ ሲሪንጅ አፏ ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። ውሃው ሳንባ ይገባል፤ ማታ ሰጥተዋት ጠዋት «በበሽታ ሞተች» ይላሉ። አንድ ጠብታ በአፏ ጎን ይበቃል፤ ራሷ ትልሰዋለች። የመጠጫውን ሳህን ደግሞ በጠጠር ሙዪው፤ ደካማ ጫጩት በጣት ጥፍር ልክ ውሃ ትሰጥማለች።

ሌላም አለ፤ ብቻዋን አታግልያት። ከሚረግጧት አውጫት፣ ግን ረጋ ያለች ጓደኛ አብረሽ አድርጊላት። ብቻዋን የሆነች ጫጩት በጩኸት ብቻ ጉልበቷን ትጨርሳለች።

መኖ የሚመጣው ቆማ ስትራመድ ነው። ማታ ከበላች በኋላ አንገቷ ሥር ያለችውን የምግብ ከረጢት ዳሰስ አድርጊ። ለስላሳና ሞላ ያለች ከሆነች በልታለች፣ ጠጥታለችም። ድርቅ ካለች ውሃ አላገኘችም። ባዶ ከሆነች መኖውን አላገኘችውም ማለት ነው፤ ብርሃን ጨምሪላት። ወለጋ የበቆሎ አገር ነው፤ ኑጉም የእኛ ነው፤ ፋጉሎ አይጠፋም። ግን በቆሎ ብቻ ፈጭቶ ለሳሶ ጫጩት መስጠት ማስራብ ነው። ፕሮቲኑ ሃያ በመቶ ገደማ የሆነ የጫጩት መኖ ያስፈልጋታል። ለደካማዋ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጣት ጫፍ ልክ ብትሰጫት አይከፋም።

ሁለት ነገር ከጭራዋ በኩል። ኩስ ደርቆ መውጫዋን ከዘጋው በለብ ያለ ውሃ አርጥበሽ አለስልሺው፤ አትንቀዪው፣ ቆዳዋ ይቀደዳል፤ ከዚያ አድርቂያት። ከፊት ለፊቱ ያለችውን እምብርት ግን እንዳትነኪያት። ክር የመሰለች ነገር ተንጠልጥላ ካየሽ ራሷ ትውደቅ። የሚስባት ሰው አንጀቷን ይስባል።

እግሯ ወደ ጎን የተንሸራተተችውን ደግሞ «ሽባ ናት» ብለው ይጥሏታል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የወለሉ ነው። ጋዜጣና ለስላሳ ካርቶን ያንሸራትታል። ሻካራ ጨርቅ አንጥፊላት፤ ሁለቱን እግሮች በለስላሳ ጨርቅ ቁራጭ በትክክለኛ ርቀታቸው አያይዢያቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተደረሰላት ብዙዋ ትድናለች።

አሁን ስለ መብራት። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ክረምቷ ረጅም፣ ሌሊቷ እርጥብ። መብራት ሲጠፋ አሳዳጊው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ከሰል ነው። ጎንበስ በይ፣ ይሄን ቀስ ብዬ ልንገርሽ። «በአንድ ሌሊት ሃምሳ ጫጩት ወረርሽኝ ገደለብኝ» የሚል ሰው ስትሰሚ መጀመሪያ በርና መስኮቱን ጠይቂ። ክፍሉ ተዘግቶ ማንደጃው ካደረ የገደላቸው የከሰሉ ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ ቁስል አይተውም፣ እዚያው የሚተኛውንም ሰው አይምርም። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥዪው፤ ፍሙ ሲቀላ አስገቢው፤ ከላይ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑር፤ አጠገቡም ሰው አይተኛ።

ከሰልም መብራትም የማይፈልግ መላ ግን አለ፤ ለምን እንደማይወራለት ይገርመኛል። የጅማ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሰሎሞን ደመቀ በገጠር ቤት ላይ የሞከሩት የድርቆሽ ሳጥን ነው። መሃሉ ጫጩቶቹ የሚያድሩበት ጎድጓዳ፣ ዙሪያውና ክዳኑ በድርቆሽ የታጨቀ። የሚያሞቃቸው የራሳቸው ትንፋሽና ገላ ነው፤ ድርቆሹ ሙቀቱን ይዞ ያቆየዋል። ቀን ወጥተው ይበላሉ፣ ማታ ይገባሉ። ድርቆሹ ሲረጥብ መቀየር አለበት፤ ሥራው ይኸው ነው።

በእርጥበቱ ላይ አንድ ምስጢር ልጨምር። የጫጩት ቤት ቆመሽ አታሽቺ። ተንበርከኪና አፍንጫሽን በጫጩቷ ቁመት ልክ አውርጂ። ሰጋቱራው እዚያ ላይ ዓይንሽን ካቃጠለሽ እሷ ቀኑን ሙሉ ያንን ነው የምትተነፍሰው። ጎብኚ የሚመጣ ቀን ከላይ አዲስ ሰጋቱራ የሚበትኑ አሉ። ከላይ ይሸታል ጥድ ጥድ፤ ከሥሩ ያው ነው።

«ክትባቷን የጨረሰች» ወደምትለዋ ቃል እንምጣ። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግልንም የጉምቦሮንም ክትባት ያመርታል። መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ ጣጣው መንገዱ ላይ ነው። አብዛኛው ክትባት ሕያው ስለሆነ በረዶው ቀልጦ ከሞቀ ይሞታል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ውስጥ ከተበጠበጠም ይሞታል። ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ግማሹን ለነገ ማሳደር የለም። የደከመች ጫጩትም ብትከተብ ሰውነቷ መከላከያውን በደንብ አይሠራውም፤ መጀመሪያ ትንሣ። ስለዚህ «ተከትባለች?» ብለሽ አትለፊ። «ባዶ ጠርሙሱን አሳየኝ፣ ክትባቱ በምን በረዶ መጣ?» በዪ።

ከእናት ዶሮ ሥር የሚፈለፈሉትስ? ይሄኛው ከማሽን የረቀቀ ነው። የእናትየዋ ገላ 41 ዲግሪ ገደማ ነው፣ መብራት አይጠፋባትም፣ መብላትንም ራሷ እየጠራች ታስተምራለች። በ21ኛው ቀን ቀዳሚዎቹ ሲወጡ ግን ልትነሣ ትችላለች፤ ዘግይተው የሚሰነጠቁት እንቁላሎች ይቀዘቅዛሉ። ቀዳሚዎቹን ለጊዜው ለይተሽ ውሰጂባት፤ ድምፃቸውን እንዳትሰማ አርቂና አሙቂያቸው፣ እሷ ትቀመጣለች። እንቁላሉ ተሰንጥቆ ጫጩቷ ብትዘገይ ቅርፊቱን ለመላጥ አትቸኩዪ። ከስንጥቁ እስከ መውጣት አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ውስጡ ያለው ሽፋን ደም ሥር አለው፤ አስኳሉም ገና እየገባ ነው።

ሌላም የማይነገር አለ። ከውጭ የመጣች ደካማ ጫጩት ጤነኛ እናት ዶሮ ካገኘች በጨለማ፣ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን፣ ከሥሯ ሸጎጥ ትደረጋለች። ጠዋት ሁሉንም እንደ ልጆቿ ትቀበላለች። በቀን ብርሃን ከሞከርሽው ግን ትነክሳታለች።

የዳክዬ እንቁላል ለዶሮ የሚያስታቅፉም ስላሉ ለእነሱም ልበል። የተለመደው ዳክዬ 28 ቀን ይፈልጋል፤ ዶሮዋ ሰባት ቀን ትጨምራለች፣ ትዕግሥቷን ጠብቂላት። የዳክዬ ጫጩት ውሃ ወዳድ ነው ብለሽ ገና በሁለተኛው ቀን ገንዳ ውስጥ እንዳትለቂው። ዶሮ ያሳደገችው ሊረጥብና በብርድ ሊሞት ይችላል። እግሩ ከደከመ ደግሞ ከዶሮ ጫጩት ይበልጥ ናያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ይፈልጋል፤ የቢራ እርሾ መኖው ላይ ነስነስ ማድረግ ይረዳዋል።

ይህን ሁሉ ስናወራ ከሩቅ ስለመጣው ዝርያ ብቻ እንዳይመስልሽ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና ከኔዘርላንዱ ቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ለማሻሻል የመረጠው የየትኛውን አገር ዶሮ ነው መሰለሽ? የእኛኑ፣ የወለጋውን የሆሮን። በኋላም በገበሬ ቤት ከሳሶ፣ ከኩሮይለርና ከኮይኮይክ ጎን ተፈትኗል። ሳሶ ቶሎ ይከብዳል፤ አልክድም። ክረምቱንና ጭልፊቱን የለመደው ግን የጓሯችን ዶሮ ነው፤ እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ለእሱ ጫጩት የምሰጋው ያንሳል።

የመጨረሻዋን ሳልነግርሽ አልለቅሽም። የማትድን አለች። እምብርቷ ያልተዘጋ፣ የሚሸት፣ ሆዷ ያበጠና የጠነከረ። እሷን በስኳር ውሃ ማቆየት ሥቃይ ማራዘም ነው፤ ሌሎቹንም ትበክላለች። ለይቶ ማውጣት ያስፈልጋል። «ትንሽ መንገድ ደክሟት ነው» ብሎ ለድሃ ጎረቤት በቅናሽ የሚሸጣት ሰው ግን አለ፤ ይሄንን ሥራ ከልቤ የምጠላው ለዚህ ብቻ ነው።

ስለዚህ ገበያ ስትወጪ ላባውን እየዳሰስሽ አትቆዪ። ሦስት ነገር ጠይቂ፤ መቼ ተፈለፈለች? ክትባቱ በምን መጣ? ከመቶው ሳጥን በመጀመሪያው ሳምንት ስንት ሞተ? ሐቀኛ አሳዳጊ ሦስተኛውን ሳያፍር ይነግርሻል፤ ለሁላችንም ይሞትብናልና። «አንድም አልሞተም» ካለሽ ከእሱ አትግዢ።