ቅንጡው ፈጣን መኪና በመም ላይ ለምን ይዝላል? የካምቢዮ ሙቀትና መዘዙ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ማለዳ የተነሣ አሽከርካሪ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢነዳ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የሚገኘውን የሰሚት ፖይንት የሞተር ስፖርት ማዕከል ያገኛል። የማዕከሉ ዋና መም 2 ማይል ወይም 3.2 ኪሎ ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ አሥር መታጠፊያዎች አሉት። በሞቃቱ ወራት የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ነዋሪዎች በአዘቦቱ ቀን ወደ ሥራ የሚመላለሱባቸውን መኪኖች ይዘው ወደዚህ ይመጣሉ። ዓላማቸው መወዳደር አይደለም። አሠልጣኝ ከጎናቸው ተቀምጦ መኪናን በከፍተኛ ፍጥነት መቆጣጠርን ይማራሉ። እንዲህ ያሉ መርሐ ግብሮችን ከሚያዘጋጁት መካከል የቢኤምደብልዩ መኪና ባለቤቶች ክለብ የዋሽንግተን አካባቢ ቅርንጫፍ፣ እንዲሁም እ.አ.አ በ1955 በዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ የተመሠረተው የአሜሪካ ፖርሽ ክለብ ይገኙበታል።

በእነዚህ መርሐ ግብሮች ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ዋጋው ከፍ ያለ፣ ሞተሩ ጉልበተኛ፣ መቀመጫው በቆዳ የተለበጠ መኪና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች እንደ ንፋስ ይበራል። ከዚያም በሰሌዳው ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይበራል፤ ነጂው ነዳጅ ቢረግጥም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ማርሽ መቀየርም ይዘገያል። ከኋላው የነበረች፣ ዋጋዋ የእሱን ሩብ የማትሞላ ቀላል መኪና ታልፈዋለች። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ግን ደህና ነው። የጋለው ካምቢዮው ነው።

ይህ የጥቂት ባለጸጎች መዝናኛ ጣጣ ብቻ ቢመስልም፣ ከበስተጀርባው ያለው ምክንያት ታክሲ ነጂውንም፣ ያገለገለ የቅንጦት መኪና የገዛውንም፣ ዓባይ በረሃን በአውቶማቲክ መኪና የሚያቋርጠውንም የሚመለከት ነው።

የስሙ ትርጉም

“ግራን ቱሪስሞ” የጣልያንኛ ስያሜ ሲሆን “ታላቅ ጉዞ” እንደማለት ነው። በብዙ መኪኖች ጀርባ ላይ የሚታዩት “ጂ” እና “ቲ” የተሰኙት ፊደላት የመጡትም ከዚሁ ስያሜ ነው። የዚህ ዓይነት መኪና መጀመሪያ የታሰበው ሁለት ሰዎችን ከነሻንጣቸው አሳፍሮ አገር ለማቋረጥ ነው። ፈጣን ነው፤ ይመቻል፤ ድምፁም አይረብሽም። ለምቾቱ ሲባል የሚጨመረው ሁሉ ግን ክብደት አለው። ለምሳሌ ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጂቲ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል።

በረጅም አውራ ጎዳና ላይ ይህ ክብደት ችግር አይፈጥርም። አንድ ጊዜ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ መኪናው የሚሸከመው የነፋስንና የጎማን ተቃውሞ ብቻ ነው። በመም ላይ ግን ያው ክብደት በእያንዳንዱ መታጠፊያ በፍሬን መገታት፣ ከዚያ ወዲያውኑ እንደገና መፈትለክ አለበት። አሥር መታጠፊያ ባለው መም ላይ ይህ በአንድ ዙር ብዙ ጊዜ፣ በሃያ ደቂቃ ልምምድ ደግሞ በብዙ አሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ካምቢዮ የሞተርን ጉልበት ተቀብሎ ወደ ጎማ ያስተላልፋል። ሲያስተላልፍ ግን የተቀበለውን በሙሉ አያደርስም። ጥርሶች ሲፋተጉ፣ ዘይት ሲናጥ፣ የፍሪሲዮን ሸራዎች ሲንሸራተቱ ጥቂቱ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል።

የዚህን መጠን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ካምቢዮ ከተቀበለው ኃይል 5 በመቶውን በሙቀት መልክ ያባክናል እንበል። ከባድ መኪና በአውራ ጎዳና ላይ በተረጋጋ ፍጥነት ሲጓዝ የሚፈልገው ጉልበት ወደ 30 የፈረስ ጉልበት ቢሆን፣ በካምቢዮው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት 1 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ይኸው መኪና በመም ላይ 500 የፈረስ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ ሲጠቀም ግን ሙቀቱ ከ18 ኪሎ ዋት ያልፋል። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ እንደሚወስድ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ አምስት ምጣድ በአንድ ጊዜ ከመጣድ ጋር የሚስተካከል ነው። ልዩነቱ አምስቱም የተጣዱት በአንዲት የብረት ሳጥን ውስጥ፣ በጥቂት ሊትር ዘይት ላይ መሆናቸው ነው።

በተለመደው አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ሌላ የሙቀት ምንጭ ይጨመራል። በሞተሩና በማርሾቹ መካከል “ቶርክ ኮንቨርተር” የሚባል ክፍል አለ። ዘይት በሞላበት ቤት ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ተሽከርካሪዎችን ይመስላል። ሞተሩ አንደኛውን ያሽከረክራል፤ እሱ የሚገፋው ዘይት ደግሞ ሁለተኛውን ያዞራል። መኪናው ቆሞ ሲነሣ የማይናጠው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን የሁለቱ ፍጥነት በተለያየ መጠን ዘይቱ ይናጣል፤ ይግላልም። በቋሚ ፍጥነት ሲጓዙ ሁለቱን አንድ ላይ የሚቆልፍ ፍሪሲዮን ስላለ ሙቀቱ ይበርዳል። ፍጥነት በየሴኮንዱ ሲለዋወጥ ግን ቁልፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እፎይታ የለም።

ዘይቱ ሲደክም

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሥራው ማለስለስ ብቻ አይደለም። ሙቀት ተሸክሞ ያወጣል፤ በግፊቱም ማርሽ ያስቀይራል። ስለዚህ ዘይቱ ሲደክም ሁሉም አብሮ ይደክማል። በመደበኛ ጉዞ የዘይቱ ሙቀት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ውስጥ ይቆያል። በመም ላይ ግን ከ120 ዲግሪ ማለፉ እንግዳ ነገር አይደለም።

በሙያው የቆዩ መካኒኮች የሚጠቀሙበት የግምት ሕግ አለ። የዘይቱ ሙቀት ከ80 ዲግሪ በላይ በ11 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ይላል። በዚህ ስሌት በ80 ዲግሪ 100 ሺህ ማይል ያገለግል የነበረ ዘይት በ102 ዲግሪ 25 ሺህ ማይል፣ በ124 ዲግሪ ደግሞ 6 ሺህ ማይል ገደማ ብቻ ያገለግላል። ሕጉ የወጣው ለቀድሞዎቹ ዘይቶች ነው፤ የዛሬዎቹ ሰው ሠራሽ ዘይቶች ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማሉ። አቅጣጫው ግን አልተለወጠም። ዘይቱ እየጠቆረ፣ የመቃጠል ሽታ እያመጣ ሲሄድ፣ የፍሪሲዮን ሸራዎች መንሸራተት ይጀምራሉ። መንሸራተቱም ተጨማሪ ሙቀት ይወልዳል።

ይህ አዙሪት ከመጀመሩ በፊት ነው የመኪናው ኮምፒውተር ጣልቃ የሚገባው። የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፤ ማርሽ ይገድባል። አሜሪካውያን ይህን ሁኔታ “ሊምፕ ሞድ” ይሉታል፤ “እያነከሱ መሄድ” እንደማለት ነው። ለካምቢዮው መዳኛ ነው። ከኋላ በከፍተኛ ፍጥነት መኪና እየመጣ በድንገት ጉልበት ለሚያጣ ነጂ ግን አደጋ ሊሆን ይችላል።

ፍርድ ቤት የደረሰው ጉዳይ

እ.አ.አ በመጋቢት 2017 በፎርድ ኩባንያ ላይ በፍሎሪዳ የፌዴራል ፍርድ ቤት የቀረበው የቡድን ክስ በዚሁ ጉዳይ ላይ ያተኮረ ነበር። መኪናው የ2016 ሼልቢ ጂቲ350 ሲሆን፣ ባለ 526 የፈረስ ጉልበት ሞተርና ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ የተገጠመለት ነው። ለመም ተብሎ ከተዘጋጀው ዓይነት በስተቀር፣ መነሻ ዋጋ ያለውና “ቴክኖሎጂ” የተሰኘው ዓይነት የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ማቀዝቀዣ አልነበራቸውም። ከሳሾች መኪናው ለመም እንደሚሆን ተደርጎ ማስታወቂያ ቢነገርለትም፣ በመም ላይ ጥቂት ከተነዳ በኋላ በሙቀት ምክንያት ጉልበቱን እንደሚቀንስ ገልጸው ካሣ ጠየቁ። ኩባንያው ክሱን ተቃውሞ ተከራከረ። ለ2017 ሞዴል ግን ማቀዝቀዣዎቹ በሁሉም ዓይነቶች ላይ እንዲገጠሙ ተደረገ። ባለቤቶቹ በቡድን መክሰስ ይችሉ እንደሆነ የተነሣውን ክርክር የተመለከተው የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.አ.አ በ2023 የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ በከፊል አጽንቶ በከፊል ሽሮታል።

ከጉዳዩ የሚወሰድ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ማንዋል ካምቢዮም ከሙቀት አያመልጥም። ሁለተኛ፣ የሁለቱን መኪኖች ዕጣ የለየው ሞተር አልነበረም፤ አንዲት ትንሽ ማቀዝቀዣ ናት። መኪና ለምን ያህል ጊዜ ሊፈጥን እንደሚችል የሚወስነው የሚያመነጨው ጉልበት ብቻ ሳይሆን የሚያስወጣው ሙቀት ነው።

ከመሙ ውጭ

ይህ ሕግ በመም አጥር ውስጥ አይቀርም። በሐምሌ የዋሽንግተን የቀን ሙቀት በአማካይ ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። በ495 ቤልትዌይ መጨናነቅ ውስጥ አንድ ሁለት ሜትር እየተጓዘ የሚቆም መኪና ፍጥነት ባይኖረውም ቶርክ ኮንቨርተሩ ዘወትር ይንሸራተታል፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስም የለም። በብዙ መኪኖች ላይ የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው በሞተሩ ራዲያተር ውስጥ በሚያልፍ ቧንቧ ስለሆነ፣ ራዲያተሩ ሲግል ካምቢዮውም ማረፊያ ያጣል። ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ለሚያመላልሱ ነጂዎች፣ ከእነርሱም መካከል ለብዙ ኢትዮጵያውያን፣ የተበላሸ ካምቢዮ ማለት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ወጪና ሥራ የፈታ መኪና ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ከፍታው ይጨመራል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ አየሩ ከዋሽንግተን አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ሳስቶ የሚነፍስ አየር ተሸክሞ የሚወስደው ሙቀትም ያነሰ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ለካምቢዮ እንደ መም የሚቆጠር ፈተና ነው። ቆላው ሞቃት ነው፤ መኪናው ተጭኗል፤ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

የመጀመሪያው ዘይቱን መከታተል ነው። አንዳንድ አምራቾች የካምቢዮ ዘይት “ለዕድሜ ልክ” ነው ይላሉ። ለቢኤምደብልዩ፣ ለጃጓር፣ ለማዘራቲና ለሌሎችም ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ኩባንያ ግን ዘይቱ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲቀየር ይመክራል። ያገለገለ የቅንጦት መኪና የሚገዛ ሰው ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ መጠየቅ አለበት። ወደ መም የሚወስደው ከሆነ ከዚህ በጣም ቀድሞ ሊያስቀይረው ይገባል።

ሁለተኛው ነገር አነዳድ ነው። በመም ላይ ማርሹን በእጅ መያዝ፣ በተቻለ መጠን ከፍ ባለ ማርሽ መሄድ፣ ልምምዱን ማሳጠር፣ የመጨረሻውን ዙር ቀስ ብሎ በመንዳት ዘይቱን ማቀዝቀዝ ይመከራል። የካምቢዮ ሙቀት መለኪያ ያለው መኪና ከሆነ ነጂው ከፍጥነት መለኪያው እኩል ሊያየው ይገባል። ለደጋጋሚ ተጠቃሚ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ማስገጠም ከአዲስ ካምቢዮ እጅግ ይረክሳል። በዳገትና በመጨናነቅም ምክሩ ተመሳሳይ ነው፦ ማስጠንቀቂያ ከታየ ደኅንነቱ በተጠበቀ ቦታ ቆሞ ማስቀዝቀዝ እንጂ “ቤት ልድረስ” ብሎ መግፋት አያዋጣም።

ሦስተኛው ወረቀቱ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ እ.አ.አ በ1975 የወጣው ማግነሰን-ሞስ የተባለው የዋስትና ሕግ፣ አምራቾች ባለቤቱ በሌላ ጋራዥ ስላስጠገነ ወይም የሌላ ኩባንያ ዕቃ ስለተጠቀመ ብቻ ዋስትና እንዳይከለክሉ ያግዳል። ነገር ግን ብዙዎቹ የዋስትና ደብተሮች በውድድር ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም። ብዙ የግል መኪና ኢንሹራንስ ውሎችም በመም ላይ የሚደርስ አደጋን ከሽፋን ውጭ ያደርጋሉ፤ ለአንድ ቀን ብቻ የሚገዛ ልዩ ሽፋን ግን አለ። ይህን አንቀጽ ፈልጎ ማንበብ የሚሻለው ወደ ሰሚት ፖይንት ከመነሣት በፊት ነው፤ ከጎታች መኪና ጀርባ ተሳፍሮ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመለሱ ቢነበብ የሚጠቅመው ትንሽ ነው።