በሩ ክፍት ሆኖ የጠፋው ሱቅ

በእኛ ዘመን አንድ ሱቅ ከሰረ የሚባለው በሩ ሲዘጋ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን በኢንተርኔት የከፈቱት ሱቅ ግን በሩ ሳይዘጋ፣ ዕቃው ሳያልቅ፣ ዋጋው ሳይንር ገበያተኛ ሊያጣ ይችላል። ጎግል በፍለጋ ውጤቱ ከመጀመሪያው ገጽ አውጥቶ ማንም ገልጦ ወደማያየው ገጽ ከጣለው፣ ቀፊራ መሐል የነበረን ሱቅ በአንድ ሌሊት ነቅሎ ጭር ያለ ሜዳ ላይ እንደመትከል ነው።

ይህ ለድሬዳዋ ወላጅ የሩቅ ወሬ አይደለም። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና ሆኖ ሥራ ጀምሯል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ዕቃ ደጃችን እየተመረተና እየተራገፈ፣ ልጆቻችን ውጭ አገር ላለ ገዢ ለመሸጥ ቢያስቡ አይገርምም። ያ ገዢ ደግሞ ሻጩን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በፍለጋ ነው።

ቅጣቱ ትልቅ ትንሽ አይልም። ድሬዳዋ ባቡር ደርሶባት በተቆረቆረችበት ዓመት፣ በ1902 እ.ኤ.አ.፣ ጄምስ ካሽ ፔኒ የሚባል ሰው በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት፣ ኬመረር በምትባል ትንሽ ከተማ የመጀመሪያ ሱቁን ከፈተ። ሱቁ አድጎ ጄሲ ፔኒ የሚባል ግዙፍ ድርጅት ሆነ፤ ኋላም በኢንተርኔት መሸጥ ያዘ። በ2010 መጨረሻ በነበረው የበዓል ገበያ ቀሚስ፣ የአልጋ ልብስ ወይም ምንጣፍ ብሎ ለሚፈልግ ሰው በተደጋጋሚ ቀድሞ የሚመጣው እርሱ ነበር። ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ምስጢሩን አወጣው። ከልብስም ከምንጣፍም ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ወደ ሱቁ የሚያመሩ ሊንኮች ተለጥፈውባቸው ነበር።

ለጎግል ሊንክ ማለት ምስክርነት ነው። ሰው ወዶ «ይህ ሱቅ ጥሩ ነው» ብሎ ሲጠቁም ይቆጠራል። በገንዘብ የተገዛ ሲሆን ግን የሐሰት ምስክር ነው። ጉዳዩ ለጎግል እንደተነገረ፣ «የሳሎን ዕቃ» ተብሎ ሲፈለግ አንደኛ የነበረው ሱቅ በሁለት ሰዓት ውስጥ 68ኛ ሆነ። ድርጅቱ «ይህን አላዘዝኩም» ብሎ ሥራውን የሰጠውን አማካሪ አሰናበተ፤ ሊንኮቹን ማስነሣትም ጀመረ። ቅጣቱ የተነሣለት ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ አበባ ሻጭ ኢንተርፍሎራም ከእናቶች ቀን ገበያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ቅጣት ደረሰበት። እርሱ ቶሎ አጽድቶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ።

እንግዲህ የልጃችሁ ሱቅ ቢወድቅ ምን ይደረግ? ከነርስነት ሙያዬ የማውቀው አንድ ነገር እዚህም ይሠራል፤ ከመድኃኒት በፊት ምርመራ። ድሬዳዋ ይህን አይታዋለች። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ቺኩንጉንያ ከተማችንን ሲያጠቃ ትኩሳት ሁሉ ወባ እንዳልሆነ ሁላችንም ተምረናል። የሱቅ መውደቅም ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም።

ምርመራው በነጻ ነው። ጎግል «ሰርች ኮንሶል» የሚባል የባለቤቶች መከታተያ አለው። እዚያ ውስጥ «ማንዋል አክሽን» በሚባለው ገጽ መልእክት ካለ፣ ሱቁን የጎግል ሠራተኛ አይቶ ቀጥቶታል ማለት ነው፤ ጥፋቱም ተጽፎ ይገኛል። እዚያ ምንም ከሌለ ሌሎች ምክንያቶች ይፈተሻሉ። ድረ ገጹ ተጠልፎ የማያውቃቸው የቁማር ገጾች ገብተውበት ይሆን? አሮጌው ሱቅ ሲታደስ የቀድሞ ገጾቹ አድራሻ ጠፍቶ ይሆን? ወይስ ጎግል የደረጃ አሰጣጥ ስሌቱን ለውጦ?

ሕክምናውም እንደ በሽታው ይለያያል። ሰው የቀጣው ከሆነና ጥፋቱ የተገዛ ሊንክ ከሆነ፣ ሊንኮቹ ተለቅመው የተለጠፉባቸው ድረ ገጾች እንዲያነሷቸው ይጠየቃል። እምቢ ላሉት «እነዚህን ምስክሮች አትቁጠሩብኝ» የሚል ዝርዝር ለጎግል ይገባል። ከዚያ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ይመለከታል። ማመልከቻው የተደረገውን ሁሉ፣ ማን እንዳደረገውና ምን እንደተስተካከለ በግልጽ መናገር አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ግማሹን ሸሽጎ ግማሹን የተናገረ ማመልከቻ ውድቅ ይሆናል። መልሱ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል።

የወረደው በስሌት ለውጥ ከሆነ ግን አቤት የሚባልበት ደጅ የለም። ከፋብሪካ ጽሑፍ የተገለበጡ የዕቃ መግለጫዎችን በራስ ቃል መጻፍ፣ ዕቃውን ራስ ፎቶ ማንሣት፣ ማንንም የማይጠቅሙ ገጾችን ማጥፋት ነው። ይህ ወራት ይፈልጋል።

የእኛ የወላጆች ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ደንግጦ «አንድ ባለሙያ በሳምንት ወደ አንደኛነት እመልስሃለሁ አለኝ፤ ገንዘብ አበድሩኝ» ቢል፣ የዕቁቡን ብር ከመስጠታችን በፊት እንጠይቅ። የቅጣቱን መልእክት ራስህ አይተኸዋል? ይህ ሰው የሚያደርገውን አንድ በአንድ ይጽፍልሃል? የድረ ገጹ አድራሻና የይለፍ ቃሉ የተመዘገበው በአንተ ስም ነው ወይስ በእርሱ? አንደኛነትን ዋስ ሆኖ ቃል የሚገባ ሰው እንደሌለ ጎግል ራሱ ይናገራል። ጎግል ገንዘብ ተቀብሎም ቅጣት አያነሣም። የመጀመሪያው ጉዳት ከተገዛ ሊንክ የመጣ ከሆነ፣ ሁለተኛው ሰው የሚሸጠው ያንኑ መርዝ በሌላ ብልቃጥ ሊሆን ይችላል።

አሮጌ የድረ ገጽ አድራሻ ገዝቶ ለመጀመር የሚያስብ ልጅም የቀድሞውን ባለቤት ታሪክ ያጣራ። ዕዳ ያለበት ቤት ከነዕዳው እንደሚገዛ ሁሉ፣ ቅጣትም ከአድራሻው ጋር ሊወረስ ይችላል።

ፍለጋው እስኪመለስ ሱቁ መኖር አለበት። የድሮ ደንበኞችን ስልክ መደወል፣ በቴሌግራም ዕቃ ማሳየት፣ በሰው በሰው መሸጥ ይቻላል። ኢንተርኔት ሳይመጣ በፊት ቀፊራም አሸዋም የኖሩት በዚህ ነው። ልጁንም እዩት። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከጠላ፣ ሌሊቱን ሁሉ ስልኩ ላይ ካፈጠጠ፣ ስለ ሱቁ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ራሱ ጠይቁት። የወረደ ሱቅ በትዕግሥት ይነሣል፤ እርሱ ካልታመመ።