ለክረምት የሚሆን ሽቶ፦ ነጋዴው ከመግዛቱ በፊት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አማኑኤል፣ ሐምሌና ነሐሴ የዝናብና የብርድ ወራት ናቸው። ዋናው የመኸር ምርት የሚሰበሰበው ከኅዳር ወዲህ በመሆኑ በክረምት የገበሬው እጅ ያጥራል። በዚህ ወቅት ከአዲስ አበባ ሽቶ አምጥቶ መደርደሪያውን የሚሞላ ነጋዴ ምርጫው ከሳተ፣ ገንዘቡ እስከ ጥር የሠርግ ወራት ድረስ በብልቃጥ ውስጥ ታስሮ ሊቀር ይችላል።

ሽቶ የሚሸተው ስለሚተን ነው። ሙቀት ትነቱን ያፋጥናል፤ ብርድ ያዘገያል። በመሆኑም የሎሚና የብርቱካን ዓይነት ቀላል መዓዛዎች በበጋ ፀሐይ ደስ ቢሉም በብርድ ስስ ይሆናሉ። ሰንደል፣ ቫኒላ፣ ዕጣን፣ ከርቤና ምስክ ያለባቸው ግን በሙቀት ቢያፍኑም በክረምት ይስማማሉ፤ ቀስ ብለው ስለሚተኑ ከልብስ ቶሎ አይለቁም።

የሽቶ ቅመሙ መጠንም መታየት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ “ኦ ደ ኮሎኝ” ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ “ኦ ደ ትዋሌት” ከ5 እስከ 15 በመቶ፣ “ኦ ደ ፓርፋም” ከ15 እስከ 20 በመቶ ቅመም ይይዛል። ለብርድ የመጨረሻው ይመረጣል። ዋጋው ከፍ ቢልም ጥቂት ጠብታ ስለሚበቃ ለገዢው አያከስርም።

መዓዛን የማቆየት ነገር ለአገራችን ንግድ እንግዳ አይደለም። ከጅማ፣ ከከፋና ከወለጋ በቀንድ ታሽጎ ወደ ውጭ ይላክ የነበረው ዝባድ በሽቶ ፋብሪካዎች ዘንድ ይፈለግ የነበረው ሌላውን መዓዛ ይዞ ስለሚያቆይ ነው። የዝባድን ዋና መዓዛ ምንነት ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1926 ለይቶ አሳወቀ፤ በኋላም በፋብሪካ የሚሠራው ምትክ አብዛኛውን ገበያ ወሰደ።

ገዢ ክዳኑን ከፍቶ በማሽተት ብቻ መወሰን የለበትም። በመጀመሪያ የሚሸተው አልኮሉና ቶሎ የሚጠፋው መዓዛ ነው። አንጓ ላይ ነፍቶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ትክክለኛውን ጠረን ያሳያል። ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ ላይ መንፋት ግን እድፍ ሊተው ይችላል።

ነጋዴውም ብልቃጡን ለማሳመር ብሎ ፀሐይ በሚመታው መስኮት አይደርድር፤ ብርሃንና ሙቀት ሽቶን ያበላሻሉ። ለክረምት ከባድ መዓዛ ያላቸውን በትናንሽ ብልቃጥ፣ በጥቂቱ ማስገባትና ሲያልቅ መተካት ከኪሳራ ይጠብቃል።