ማን አመጣው፣ ለማንስ ይመለሳል? በንብረት መዝገብ ላይ ስለሚጨመሩ የመረጃ መስኮች

በደቡብ ለንደን፣ በላምቤት ወረዳ በሚገኘው በስትሪትሃም፣ አዳራሽ በሰዓት እየተከራየ የሚሰበሰብ አንድ አነስተኛ የኢትዮጵያውያን ማኅበር እናስብ። ንብረቱ ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሁለት ከበሮ፣ አንድ መሰንቆ፣ ረከቦትና ሲኒ፣ ለልጆች የፊደል ትምህርት የሚሆኑ መጻሕፍት፣ እንዲሁም ከብዙ ዓመታት በፊት የተቀዱ የስብሰባ ካሴቶች ናቸው። ገሚሱ በአንድ አባል ጋራዥ፣ ገሚሱ በሌላው አልጋ ሥር ተቀምጧል። የማኅበሩ ገንዘብ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ዕቃው ግን የሚታወቀው በሰው ትዝታ ብቻ ነው። ያ ሰው ከተማ የለወጠ ወይም ያረፈ ዕለት፣ መሰንቆው የማኅበሩ ይሁን የሟቹ፣ ካሴቶቹም በስጦታ ይሁን በአደራ የመጡ፣ የሚናገር አይገኝም። ቤቱን የሚያስለቅቁት ልጆች አማርኛ የማያነቡ ከሆኑ ደግሞ በካሴቶቹ ላይ የተጻፈው ለእነርሱ ምንም አይነግራቸውም።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር ዛሬ ብዙ የንብረት አያያዝ ሶፍትዌር አለ። ከእነዚህም መካከል ስናይፕ አይቲ የተባለውን እንደ ምሳሌ እወስዳለሁ፤ የራስ ሰርቨር ላላቸው ያለ ክፍያ የሚገኝ፣ የአሠራሩም ኮድ ለሁሉ ክፍት የሆነ ነውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ፕሮግራሙን ማስተዋወቅ አይደለም። ተጠቃሚው በራሱ ፈቃድ የሚጨምራቸው የመረጃ መስኮች ምን እንደ ሆኑና እንደኛ ላለ ማኅበር የትኞቹ እንደሚጠቅሙ ለማስረዳት ነው። መስክ ስል በወረቀት መዝገብ ላይ ዓምድ የምንለውን፣ አንድ ጥያቄ አንድ መልስ የሚቀበልበትን ባዶ ቦታ ማለቴ ነው።

በአገር ቤት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሁሉ ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን ያስታውሳል። ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ በመጀመሪያው፣ ሲወጣ በሁለተኛው ይመዘገባል። ሶፍትዌሩም በመሠረቱ ይህንኑ ያደርጋል። ለእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ሞዴሉን፣ የፋብሪካ ተራ ቁጥሩን፣ የተገዛበትን ቀንና ዋጋ፣ ሻጩን፣ የዋስትናውን ዘመንና ያለበትን ቦታ ይጠይቃል፤ ዕቃው በማን እጅ እንዳለና መቼ እንደ ወጣም ይይዛል። እነዚህ ጥያቄዎች የተዘጋጁት ዕቃውን ሁሉ ከሱቅ ለሚገዛ መሥሪያ ቤት ነው። ለላፕቶፕ ይበቃሉ። መሰንቆ ግን ተራ ቁጥር የለውም፤ ከጎንደር በሻንጣ የመጣ ከበሮም ደረሰኝ የለውም።

የጎደለው ጥያቄ የሚጨመረው በሦስት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ መስኩ ይፈጠራል። ስም ይሰጠዋል፤ መልሱ ነጻ ጽሑፍ፣ ከተወሰነ ዝርዝር የሚመረጥ ወይም ቁጥር፣ ቀንና ይህን የመሰለው እንዲሆን ይወሰናል። ቀጥሎ ተዛማጅ መስኮች በአንድ ስብስብ ይታሰራሉ። በመጨረሻም ስብስቡ ከአንድ የዕቃ ሞዴል ጋር ይያያዛል። የስብስቡ ጥቅም ለካሴት የሚቀርበው ጥያቄ ለፕሮጀክተር እንዳይቀርብ ማድረጉ ነው። ካሴቱ የተናጋሪው ስም፣ ቋንቋ፣ የተቀዳበት ቦታ፣ ቅጂ ተወስዶለት እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ ፕሮጀክተሩ ደግሞ የኤሌክትሪክ ደኅንነቱ የተፈተሸበት ቀን ይጠየቃል። ስለዚህኛው በማኅበራችን ስብሰባዎች ብዙ ጊዜ የሚሰማውን ላርም። የብሪታንያ ሕግ መሣሪያው ለአደጋ በማያጋልጥ ሁኔታ እንዲያዝ እንጂ ሁሉም ዕቃ በየዓመቱ እንዲፈተሽ አያዝም፤ ይሁን እንጂ አዳራሽ አከራዮች የፍተሻውን ቀን ሊጠይቁ ስለሚችሉ መመዝገቡ ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መስክ ግን ዕቃው እንዴት እንደ ተገኘ የሚገልጸው ነው። «ስጦታ»፣ «አደራ»፣ «ግዢ»፣ «በእርዳታ ገንዘብ የተገዛ» የሚሉ አራት ምርጫዎች ቢኖሩት ይበቃል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። በአደራ የተቀመጠ ዕቃ የማኅበሩ ሀብት ስላልሆነ ማኅበሩ ሲፈርስ ሊሸጠው ወይም ለሌላ ሊያስተላልፈው አይችልም። ለአንድ ለተወሰነ ዓላማ በተሰጠ ገንዘብ የተገዛው ደግሞ በእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ሕግ መሠረት ከዚያ ዓላማ ውጭ ሊውል አይገባውም። የልጆች ትምህርት ብሎ በተሰጠ ገንዘብ የተገዛ ላፕቶፕ የጸሐፊው የግል መገልገያ ሆኖ ሲገኝ መዝገቡ ዝም ካለ፣ የሚናገረው ሐሜት ይሆናል።

ነገር ግን ይህ መስክ ብቻውን እንደማይበቃ የራሳችን ታሪክ ያስተምረናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤትና ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ተወሰደ፤ በዚያም በሐራጅ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር የዘመተው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆልምስ ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። «እንዴት ተገኘ?» ለሚለው ጥያቄ «በግዢ» ብሎ የሚሞላ መዝገብ ቢኖር መልሱ ሐሰት አይሆንም፤ ገንዘብ ተከፍሏልና። ሐሰት የሚሆነው ከግዢው በፊት የነበረውን የሚጠይቅ ባዶ ቦታ ባለመኖሩ ነው። ስለዚህ «ቀድሞ የማን ነበር» እና «ወደ ማኅበሩ እንዴት መጣ» ሁለት መስኮች እንጂ አንድ መሆን የለባቸውም። ሦስተኛም መጨመር ይገባል፤ «ማኅበሩ ቢፈርስ ለማን ይመለሳል» የሚል።

አባቶቻችን ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። ገዳማትና አድባራት ርስታቸውን፣ መጻሕፍታቸውንና ንዋየ ቅድሳታቸውን በወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ ሲጽፉ ዕቃውን ብቻ አልዘረዘሩም፤ ብዙ ጊዜ ሰጪውን ጠቅሰው፣ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን በግዝት አስረዋል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚገኘው የመጻሕፍት ዝርዝር የ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ሶፍትዌር ግዝት የለውም፤ ማን ምን እንደ ለወጠና መቼ እንደ ለወጠ የሚይዝ የክንውን ማስታወሻ ግን አለው።

ወደ አሠራሩ ስንመለስ፣ ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የዘመን አቆጣጠር ነው። የቀን መስክ የሚያውቀው የግሪጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ብለን በቁጥር ስናስገባ 13ኛ ወር የለም ብሎ ይመልሰዋል፤ ይህስ ደግ ነው፤ ስሕተቱ ይታያልና። የካቲት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ስንል ግን ቀኑን እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2012 አድርጎ በጸጥታ ይቀበላል። ትክክለኛው እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2020 ስለሆነ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ስተናል ማለት ነው። በመሆኑም የግሪጎርዮሱን በቀን መስክ፣ የኛን ደግሞ በተለየ የጽሑፍ መስክ ማስገባት ይበጃል። ለዚህኛው መስክ ወሩን ከ1 እስከ 13 የሚፈቅድ ደንብ በራስ መጻፍ ይቻላል።

ሁለተኛው የፊደላችን ጉዳይ ነው። ኮምፒዩተሩ «ዕቃ» እና «እቃ» አንድ ቃል መሆናቸውን አያውቅም። አንዱ መዝጋቢ «መሰንቆ»፣ ሌላው «ማሲንቆ» ቢል ፍለጋው ግማሹን ብቻ ያወጣል፤ «ፀሐይ» የተባለች ለጋሽ ስም ደግሞ ቢያንስ በስድስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። በትክክለኛው አጻጻፍ ላይ የሊቃውንቱ ክርክር እስኪያልቅ መዝገቡ አይጠብቅምና፣ ሊወሰን የሚችለው መልስ ሁሉ ከዝርዝር የሚመረጥ ይሁን።

የለጋሹን አድራሻና ስልክ የመሰለውን በምስጢር በሚያዝ መስክ ማስቀመጥ ይቻላል። ነገር ግን እንዲህ የተቆለፈ መስክ በፍለጋ አይገኝም፤ የሰርቨሩም ቁልፍ ከጠፋ የተጻፈው ሁሉ አይነበብም። ንዋየ ቅድሳትን በሚመለከት ደግሞ «ማን ሊያየውና ሊነካው ይፈቀዳል» የሚል መስክ ያስፈልጋል። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ለሕዝብ ታይተው አያውቁም። ፎቶግራፍ የሌለው መዝገብ ሁሉ ጎደሎ አይደለም፤ ባዶው ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑ ግን መጻፍ አለበት።

መስክ መጨመር ቀላል ስለሆነ ብቻ ማብዛት አይገባም። ሁሉንም አስገዳጅ ያደረገ ኮሚቴ መልሱ ሁሉ «አይታወቅም» የሆነ መዝገብ ይረከባል። ለአንድ የዕቃ ዓይነት ከስድስት ወይም ከሰባት መስክ በላይ የሚሞላ በጎ ፈቃደኛ ይገኛል ብዬ አላምንም። መሰረዝም ዋጋ አለው። በስናይፕ አይቲ እያንዳንዱ የተጨመረ መስክ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ዓምድ ስለሆነ፣ መስኩ ሲሰረዝ በየዕቃው ላይ የተሞላው መልስ አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ ከመሰረዝ አስቀድሞ መዝገቡን ወደ ፋይል ማውጣት ግድ ነው።

ያ ፋይል በዩኒኮድ መቀመጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱን የፊደል አሰፋፈር ይከተል ስለነበር፣ በዚያን ዘመን በዲስኬት የተቀመጡ የማኅበራት የዕቃ ዝርዝሮች ዛሬ ሲከፈቱ የተዘበራረቁ የላቲን ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። ዲስኬቶቹ በእጃቸው ያሉ ሰዎች በየትኛው ፕሮግራም እንደ ተጻፉ ቢያስታውሱ፣ ፊደሉን መልሶ ማግኘት አሁንም ይቻላል።